«ካቆመበት» የምትባለው ቁልፍ

መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ
ጥቅምት 8 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ፣ በእጄ ላሳደግኩህ ለይገረም፤

እንደምን ከረምክ? የዚያ አገር ሙቀት አያቅልጥህ፤ አሠሪህ ፊት ሞገስ፣ አስፋልት ስትሻገር ጠባቂ መልአክ ይስጥህ። እጅህ የነካው ይባረክ፣ ወጥተህ በሰላም ግባ፣ ክፉ ጎረቤት አይዘዝብህ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

ብዕር ያነሳሁት የጫማ ነጋዴው ሙነወር ዕቃ ሊያመጣ ወደ እናንተ ስለሚበር ነው። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ «ሃሎ፣ ትሰማኛለህ?» ስል ካርዱ ያልቅና ንዴቴ ግማሹ አፌ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በወረቀት ልናደድብህ ነው፤ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ያን «አፕዴት ነው» ብለህ በፍላሽ የላክህልኝን ነገር እንዳልከኝ አድርጌ የጥልፍ ማሽኔ ላይ ጫንኩት። ስክሪኑ ተኳኩሎ ብቅ አለ። አበባው፣ ቢራቢሮው፣ ስሙን የማላውቀው የፈረንጅ ወፍ፣ ምን አለፋህ፣ የሌለ ነገር የለም። እልል አልኩ። ጤናዬ ከፊት ለፊት ካለው ሱቋ አንገቷን አስግጋ «ምን ተገኘ እትዬ?» ብትለኝ፣ «አዲሱ ሶፍትዌር ነዋ! ወንድሜ ከመርካቶ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ለኔ ላከልኝ» አልኳት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ጤናዬን መቼም አትረሳትም፤ መርፌ አያያዝ ያስተማርኳት፣ አምና ከኔ ወጥታ አፍንጫዬ ስር ሱቅ የከፈተችው ናት። የሷንም ማሽን መርጠህ የላክህላት አንተው ነህ፤ ከኔው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

በማግስቱ መብራት ጠፋ። ይጥፋ፣ ለምደነዋል። ለጥምቀት የታዘዝኩትን የመዘምራን ልብስ እየጠለፍኩ ነበር፤ የደረቱ መስቀል ተጋምሷል። መብራት ሲመጣ «ካቆመበት» የምንላትን ቁልፍ ልጫን ብል የለችም! ያቺ ማሽኑ የት ላይ እንደነበረ አስታውሶ ከዚያው እንዲቀጥል የምታደርገው ቁልፍ። ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አሰስኩት፤ ወፍ አለ፣ ቁልፍ የለም። ማሽኑ ከሀ ጀመረና በተጠለፈው ላይ ደግሞ ጠለፈበት። ጨርቁ ሸርተት ብሎ ስለነበር መስቀሉ መንታ ሆኖ ቁጭ አለ። ያን ዕለት መብራት ሦስቴ ነው የጠፋው፤ የቀረውን አንተው ገምት።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ መርካቶ ተወልጄ መርካቶ ሸበትኩ። እዚህ ሰው ሲመርቅልህ ይጨምርልሃል። በርበሬ ስትገዛ ጭብጥ ይመረቅልሃል፤ ክር ስትገዛ መርፌ ይመረቅልሃል። «እንካ፣ መርቄልሃለሁ» ብሎ ከያዝከው ላይ የሚነጥቅህ ነጋዴ ግን አይቼ አላውቅም። አፕዴት ማለት ምራቂ መስሎኝ ነው የጫንኩት! አሁንም ወፉንም አበባውንም ውሰደውና ቁልፌን መልስልኝ።

እህትህ ሠርኬ


ዱባይ፣ ዴራ
ኅዳር 2 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእናትም ለእህትም ለሆኑኝ ለእትዬ ሠርኬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ወገብዎን ተሻለዎት? ለወገብ የሚሆን ቅባት በሙነወር እጅ ልኬያለሁ፤ ሲቀቡት ያቃጥላል፣ እንዳይደነግጡ። እኔ ደህና ነኝ። ከሱቁ ወደ መኝታ፣ ከመኝታ ወደ ሱቁ ነው ኑሮዬ።

ደብዳቤዎን ሳነብ አፈርኩ። «ከሁሉ ቀድሞ ለእትዬ ይድረስ» ብዬ ቸኮልኩና ራሴ ሳልሞክረው ነው የላክሁልዎ። ሶፍትዌሩን ከሚሠሩት አንዱ ኢንጂነር ወደ ማሽን መሸጫ ሱቃችን ሲመጣ ያዝኩትና «ያቺን ቁልፍ ለምን አወጣችኋት?» አልኩት። «ደንበኞች አይነኳትም፤ ስክሪኑን አጣበበችብን» አለኝ። «የኛ አገር ሰዎች መብራት ሲጠፋ ይነኳታል» አልኩት። «መብራት ለምን ይጠፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። እትዬ፣ ምን ብዬ ልመልስለት? «ይጠፋላ!» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል።

አሮጌውን መመለስ እንደማይቻልም ነገረኝ። አዲሱ አንዴ ከተጫነ ማሽኑ የድሮውን አይቀበልም፤ ቆልፈውታል። ብዙ ለመንኩት፤ ሰውዬው ትከሻውን ሰብቆ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እስከዚያው መስቀሉን ከፋፍለው በትንሽ በትንሹ ይጥለፉት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ጄኔሬተር ቢኖር ደግሞ ከሁሉ ይሻል ነበር።

ደግነቱ ጉዳቱ በርስዎ ብቻ ቆመ። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ለጤናዬ ደውዬ «አዲሱን እንዳትነኪ» አልኳት፤ እሷም እሺ ብላለች።

ሌላ የማማክርዎት ጉዳይ ነበረኝ። ንዴትዎ በረድ ሲል እጽፍልዎታለሁ።

ታናሽዎ ይገረም


መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ
ኅዳር 21 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለይገረም፤

ጤና ይስጥህ። የቀረው ምርቃት ንዴቴ ሲበርድ ይደርስሃል፤ አንተም ጉዳይህን እስኪበርድልኝ አቆይተህ የለ?

«ደግነቱ በርስዎ ብቻ ቆመ» ነው ያልከኝ? ጎሽ የኔ ልጅ! እኔን እንደ ወጥ ቀምሰህ ጨው እንደበዛበት ስታውቅ ለሷ «እንዳትነኪ»! እኔን ያየህ ተቀጣ ማለት ይኸው ነው። ለኔ መልስህ በሙነወር የጫማ ካርቶን ውስጥ ተጨማዶ ስንት ቀን ቆይቶ ይመጣል፤ ለጤናዬ ግን በዚያው ቀን ስልክ። ለመሆኑ ከመቼ ወዲህ ነው ለጤናዬ የምትደውለው? ቁጥሯንስ ማን ሰጠህ? ቅባቱን ተቀብቼዋለሁ፤ እውነትም ያቃጥላል፣ የሆዴን ያህል ግን አይደለም።

አሁን ቀኔን እንዴት እንደምውል ልንገርህ። መብራት ሲጠፋ ሰላም አለኝ። እሷም ጨለማ ውስጥ፣ እኔም ጨለማ ውስጥ፣ እኩል ነን። እንዲያውም ከበሬ ላይ ሆኜ «ጤናዬ፣ ደህና ዋልሽ?» እላታለሁ። የምቃጠለው መብራት ሲመጣ ነው። የሷ ማሽን ቲክ ቲክ ብሎ ካቆመበት ይቀጥላል፤ እኔ መቀሴን ይዤ የተበላሸ ክር ስፈታ እውላለሁ። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቤቴ ድረስ ይከተለኛል። ቅናት ነው ብትለኝ አዎ ቅናት ነው፤ ምን ታመጣለህ! «አዲሱ ወጣልኝ» ብዬ እልል ያልኩት እኔ፣ በአሮጌው የምትሠራ ልጅ ትብለጠኝ?

ባለፈው ሐሙስ የመዘምራኑ ኃላፊ አቶ ዱባለ መጣ። መንታውን መስቀል አየና መነጽሩን አውልቆ ጠራረገው። «እትዬ ሠርኬ፣ ዓይኔ ነው ወይስ መስቀሉ?» አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! መብራቱን ብወቅስ፣ «መብራቱማ ለሁሉም ነው የሚጠፋው» አለና ወደ ጤናዬ ሱቅ በአገጩ አሳየኝ። ከዚያ የትእዛዙን ግማሽ በጋሪ አስጭኖ መንገዱን ተሻግሮ ሰጣት። በየዓመቱ የኔ የነበረውን፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እያየ! የቀረውን ግማሽ ከገና በፊት ካላስረከብኩት እሱንም ይወስደዋል። ያን ዕለት የሠርኬ ሱቅ አበቃለት በለው። እዚህ ደንበኛ አንዴ መንገድ ከተሻገረ አይመለስም።

አሮጌውን መመለስ አይቻልም ካልክ እሺ፣ አልጨቀጭቅህም። እንግዲያው አዲሱን ለሷም ላክላት። እኩል እንሁን። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

ሠርኬ


ዱባይ፣ ዴራ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእትዬ ሠርኬ፤

ሰላምና ጤና ከርስዎ አይለይ። ስለ ትእዛዙ ስሰማ በጣም አዘንኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የፈለጉትን ያህል ይቆጡኝ፣ ቁጣዎ ይገባኛል።

የጠየቁኝን ግን አላደርገውም። ልጅ ሆኜ አንድ ተረት ነግረውኝ ነበር፤ «የፈለግከውን ጠይቅ፣ ለጎረቤትህ ግን እጥፉን እሰጠዋለሁ» ሲባል «አንድ ዓይኔን አውጣልኝ» ስላለው ሰውዬ። ያኔ ሰውዬውን ረገሙት እንጂ አላመሰገኑትም። እኔም እስከ ዛሬ የማስታውሰው በርስዎ እርግማን ነው።

ትእዛዙ እንዳይወሰድብዎ አንድ መንገድ አለ። የጤናዬ ማሽን ወደ ማምሻው ሥራ ይፈታል። የርስዎን ግማሽ በሷ ማሽን ቢጠልፉት በሰዓቱ ያስረክባሉ። ሐሳቡ የራሷ ነው፤ እኔ አላልኳትም። «እኔ ብነግራቸው ይቆጡኛል፣ አንተ ንገርልኝ» ብላ ነው።

ስለ ስልኩ የጠየቁኝን ሳልመልስ የቀረሁት ረስቼው አይደለም። እሱን ፊት ለፊት ብነግርዎ ይሻለኛል።

ለጥምቀት የሚለብሱት ሻርፕ በሙነወር ልኬያለሁ። ይሞቃል።

ታናሽዎ ይገረም


መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይገረም፤

ሻርፑ ደርሶኛል። ቡናማ ነው። ሙነወር ሻንጣውን ሲከፍት ሌላም አየሁ፤ ቀይ፣ ጫፉ ላይ ወርቃማ ክር ያለው። «ይሄስ የማነው?» ብለው «የጤናዬ ነው» ብሎ እርፍ። ለኔ የባልቴት፣ ለሷ የሙሽራ! እግዜር ይስጥህ።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን «ማሽኔን ላውሳቸው» ማለቷ ነው። ትናንት «እትዬ፣ ይሄ ክር በየት በኩል ነው የሚገባው?» ስትለኝ የነበረች ልጅ ዛሬ እኔን ወንበሯ ላይ አስቀምጣ ልታሠራኝ! ደንበኛዬ ቁጭ ብሎ እያየ «ሠርኬ ጤናዬ ዘንድ ተቀጠረች» ሊባልልኝ! ወርቅ ላበደረ ጠጠር አሉ። ከዚያ በፊት ሞቴን ያምጣው።

ስለዚህ ነገሩን በራሴ ጨረስኩት። አንተ እምቢ ብትል ፍላሹ እኔ ዘንድ ነው። ትናንትና ሱቋ ገባሁና «ይገረም የተስተካከለውን ላከልሽ፤ ቁልፏም አለች፣ ሌላም ተጨምሮበታል» ብዬ ሰጠኋት። ስምህን ስትሰማ ፊቷ ፈካ። አንድ ጥያቄ እንኳ ሳትጠይቀኝ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ስትጭነው ከበሬ ላይ ሆኜ አየኋት። ዛሬ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ መጣ። ማሽኗ ከሀ ጀመረ። ሰምቼው ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

አሁን እኩል ነን። ከፈለግህ ተቆጣኝ።

ሠርኬ


ዱባይ፣ ዴራ
ጥር 22 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእትዬ ሠርኬ፤

እንደምን አሉ? መልስ ያዘገየሁት ሙነወርን አጥቼ አይደለም። ሙነወር ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ ባዶ እጁን ነው የሸኘሁት። የምጽፈው ጠፋብኝ።

ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ጤናዬ ደውላልኝ ነበር። ለጥምቀት ልታደርስ የጀመረችው ልብስ ተበላሽቶባታል፤ በሱ ምትክ የጀመረችውም ተበላሽቶባታል። «አንተው እንዳትነኪ ብለኸኝ አንተው እንዴት ትልክልኛለህ? በእትዬ እጅ ባይመጣ ኖሮ እኮ አልጭነውም ነበር» አለችኝ። ነገሩ ያኔውኑ ገባኝ። «እኔ አልላክሁም» ብል አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አላልኩም። «አዎ፣ እኔ ነኝ የላክሁት፤ ተሳሳትኩ» አልኳት። «ሥራዬን የምትቀልድበት ከሆነ እኔንም እየቀለድክብኝ ነው የከረምከው ማለት ነው» አለችና ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም።

ለምን ዋሸህ ይሉኝ ይሆናል። እኔ ሩቅ ነኝ፤ ሩቅ ያለ ሰው ቢጠላ ይሻላል ብዬ ነው። እናንተ በር ለበር ናችሁ። ጠዋት ሱቅ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትተያዩት እርስ በርስ ነው። እውነቱን ብትሰማ አንድ ቀን እንኳ አብራችሁ መዋል አትችሉም፤ የርስዎም ስም በየሱቁ ይነሳል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ካለርስዎ ሰው የለኝም። እንዲህ ብዬ ነው የዋሸሁት።

ላማክርዎት ያልኩት ጉዳይ ይኸው ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ መጥቼ ሽማግሌ ልልክላት ነበር። ማሽኑን ከገዛች ወዲህ ክር በተበጠሰባት ቁጥር ትደውልልኝ ነበር፤ ኋላ ክሩ ሳይበጠስም ትደውልልኝ ጀመር። እንዲህ ነው የተዋደድነው። «እትዬ ካልመረቁን አይሆንም» ያለችው ራሷ ናት። እኔ ነኝ ፈርቼ ያቆየሁት። እንደሚቀኑ አውቅ ነበር፤ እዚህ ድረስ ይሄዳሉ ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

ይገረም


መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ
የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለልጄ ለይገረም፤

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሙነወር አጠገቤ ቆሞ ሳለ ነው። «እትዬ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ። «አልሞተም፤ በቁሙ ገድዬ ነው» አልኩት። አልገባውም፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ከትናንት ወዲያ በስልክ ሁሉንም ሰምተሃል። ቢሆንም በኔ ወገን የሆነውን እኔው ልንገርህ። ለጥምቀት መዘምራኑ የአምናውን ልብስ ለብሰው ወጡ። አቶ ዱባለ ትእዛዙን ከሁለታችንም ወስዶታል፤ ለሌላ ሰው ይሰጣል አሉ። ላንተ አልዋሽም፣ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ ያጣሁትን እሷም አጥታለቻ! ታቦቱ ሲያልፍ እልል እያልኩ በጎን ዓይኔ የሷን ፊት ነበር የማየው። ፊቷ ጠቁሮ ነበር። እኔ ስለ ትእዛዙ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ስላንተ ነው።

ደብዳቤህን አጥፌ ጡቴ ስር ከተትኩና መንገዱን ተሻገርኩ። ያቺ መንገድ እንደዚያን ዕለት ሰፍታብኝ አታውቅም። ጤናዬ ክር እየፈታች ነበር። «ጤናዬ፣ ፍላሹን ይገረም አልላከልሽም። እኔ ነኝ ዋሽቼ የሰጠሁሽ» አልኳት። መቀሷን አላስቀመጠችም።

«ለምን?» አለችኝ።

«ስለቀናሁ።»

«እትዬ፣ በምኔ?» አለችኝ፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ማሽንሽ ካቆመበት ስለሚቀጥል ልላት ነበር፤ አፌ ላይ ሲደርስ እኔኑ አሳፈረኝ። «እሱ ስለሚደውልልሽ» አልኳት። መቀሷን ያኔ አስቀመጠች።

ብትሰድበኝ በወደድኩ። መልሱን አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እሷ እጇን ዘርግታ «ስልክዎን ይስጡኝ፣ ልደውልለት» አለች፤ ሰጠኋት። «ደጅ ይጠብቁኝ» አለች። ሰው በቆመበት ከሱቋ አስወጣችኝ፣ እኔም ወጣሁ።

ስልኬን ስትመልስልኝ እንዲህ አለችኝ፤ «ይቅር አላልኩዎትም። ጊዜ ይፈልጋል። ጄኔሬተር ግን ለየብቻችን አንችለውም፤ በጋራ እንግዛ»። «አስቤ እነግርሻለሁ» አልኳት። ኩራቴ መች ሞተ! ግን አስቤዋለሁ፤ እንገዛለን። እስከዚያው የክር ካርቶኖቿን ወደ ሱቄ አዙራ እንድታስቀምጥ ነግሬያታለሁ፤ የሷ ጣሪያ ያፈሳል።

ከፋሲካ በኋላ ና። ሽማግሌዎቹን እኔ እፈልጋለሁ፤ በእናት ቦታ የምቆመውም እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ሳያጎድል ያገናኛችሁ፤ የምትወልዱት ይባረክ፤ ቤታችሁ ሰው አይጣበት፤ እንደኔ ያለ ጎረቤት አይስጣችሁ ልል ነበር፣ እሱ ግን አንዴ አልፏል።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ከእንግዲህ ልደብቅህ አልፈልግም። ደጅ የክር ካርቶን ላይ ተቀምጬ ስጠብቃት መጀመሪያ ስታለቅስ ሰማኋት። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ ምን እንዳልካት እንጃ፣ ሳቀች። ከት ብላ፣ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ሳቀች። ቀናሁ ይገረም። አሁንም ቀናሁ። ስድስት ዓመት እኔ ዘንድ ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ እንዲያ ስቃ አታውቅም።

እህትህ ሠርኬ